«መነኩሴ» ወይስ «ተጋዳይ»? በምናባዊ የሚና ጨዋታ የአንድ ሙያ ሚዛንና ስያሜ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ፣ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱ አምስት ወጣቶች የጨዋታቸውን ደንብ ወደ አማርኛ ለመመለስ ጀምረው፣ ረቂቁን እንዲያይላቸው የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ጠየቁት። ንባቡ ተጀምሮ ከወጣቶቹ አንዱ «መነኩሴው ሁለት ጊዜ በቡጢ መታው፤ ሁለተኛው ምት አናወዘው» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ፣ ቡና ያፈሉ የነበሩት የቤቱ እመቤት ጀበናቸውን እንደ ያዙ ቀና ብለው፣ «እናንተ ልጆች፣ መነኩሴ ደግሞ ይማታል እንዴ?» አሉ። ልጃቸው «እማዬ፣ የጨዋታ መነኩሴ እኮ ነው» ቢላቸው፣ «የጨዋታም ቢሆን መነኩሴ መነኩሴ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ስም አውጡለት» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያው ቀን ሌላ ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ይህን ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወተው ወጣት ከጓደኞቹ ያነሰ ድርሻ እንዳለው አማረረ። አንዱ «እኩልነት የለውም»፣ ሌላው «ሚዛኑ ተዛብቷል»፣ ሦስተኛው በውጭው ቃል «ባላንሱ ልክ አይደለም» እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ሦስቱም የተለያየ ነገር ይናገሩ እንደ ነበር የታወቀው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ክርክሮች አንድ ላይ አድርጎ ይመረምራል። ምክንያቱም የሁለቱ ሥር አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። የጨዋታው አዘጋጆች ሙያውን ሲፈጥሩ ከሥራው ይልቅ መልኩን አስቀደሙ፤ ከዚህም የተነሣ ሚዛኑን ለማስተካከል 50 ዓመት ያህል ፈጀባቸው። «መነኩሴ» ብሎ የሚተረጉም ሰውም መልኩን ከሥራው ያስቀድማል። አንድ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ሊወጣለት የሚገባው በሥርዐቱ ውስጥ የሚያከናውነው ሥራ ከተመረመረ በኋላ መሆኑን ይህ ትንሽ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

2. ስለ ጨዋታው ባሕርይ

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ታሪኩን ይተርካል፣ በደንቡም መሠረት ይዳኛል፤ ይህን ሰው «አጫዋች» ማለት ይቻላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቹ የሌላ ሰው ሚና ስለሚይዝ «የሚና ጨዋታ»፣ ዓለሙ በገሃድ የሌለ ስለ ሆነ ደግሞ «ምናባዊ» የሚለው ቅጽል ይስማማዋል።

እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ «ክላስ» አለው። ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛ፣ ሌባ የመሳሰሉት ማለት ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ወጣቶቹ «መደብ» የሚለውን ቃል መርጠው ነበር። «መደብ» በአማርኛ ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። በገጠሩ ቤት ውስጥ ከጭቃ ተሠርቶ የሚቀመጡበትና የሚተኙበት ከፍታ መደብ ይባላል፤ አትክልተኛው ችግኝ የሚያፈላበትም መደብ ነው፤ በሰዋስው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ አለ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ደግሞ ቃሉ ከማኅበራዊ መደብና ከመደብ ትግል ጋር በጥብቅ ተያይዟል። እነዚህ ፍችዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መደብ ሰው ወይም ነገር የሚቀመጥበት ስፍራ መሆኑ ነው። በጨዋታው ግን «ክላስ» ገጸ ባሕርዩ ሊሠራ የሚችለውን፣ የተማረውንና በልምድ የሚያዳብረውን ነገር ያመለክታል። ተጫዋቹ በፈቃዱ ይመርጠዋል፤ በአንዳንድ እትሞችም ሁለተኛ ሊጨምርበት ይችላል። አማርኛ ለዚህ «ሙያ» የሚል የቆየ ቃል አለው። «ሙያ» ችሎታንም ሥራንም ባንድነት ስለሚይዝ ከ«መደብ» ይልቅ ተስማሚ ነው።

3. «ሚዛን» ሲባል

«ባላንስ» ለሚለው ቃል «እኩልነት» አቻ ሊሆን አይችልም። በገበጣ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም ሁለቱ ወገኖች እኩል ሠራዊት አላቸው፤ የመጀመሪያው መማረክ እስኪደርስ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ኃይላቸውን በሚያሰልፉበት «ወረራ» በተባለው ምዕራፍ እንኳ መብታቸው አንድ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ሚዛን ማለት በሁለት ባላጋራዎች መካከል ያለ እኩልነት ነው።

በሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ናቸው። አስማተኛው ከተዋጊው ጋር አይፎካከርም፤ ችሎታቸውም ሆን ተብሎ እንዲለያይ ተደርጓል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ማን ያሸንፋል?» የሚለው ሳይሆን፣ «እያንዳንዱ በጋራው ሥራ ውስጥ የሚገባውን ያህል ድርሻ አለውን?» የሚለው ነው። ነገሩ በደቦ ይመሰላል። በደቦ አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ያስራል፣ ሌላው ይከምራል፤ ማንም ሥራው እኩል ነው አይልም። ነገር ግን ማጭዱ የደነዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ውሎ ምንም ሳያጭድ ቢመሽበት፣ የደነዘው መሣሪያ የራሱን ቀን አበላሽቶበታል። በጨዋታም ሚዛን ያጣ ሙያ የሚባለው ባለቤቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ ለጓደኞቹ የማያስፈልግ ሆኖ የሚገኝበት ሙያ ነው።

ስለዚህ «ሚዛን» የሚለውን ቃል በመያዝ «በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሙያዎች የድርሻ ተመጣጣኝነት» ብሎ መፍታት ይገባል። «መዘነ»፣ «ተመዛዘነ»፣ «ሚዛናዊ»፣ «ኢሚዛናዊ» የሚሉት የቃሉ ዘሮች ሁሉ በሥራ ላይ ስለሚውሉ ለሙያዊ ቃልነት አመቺ ነው። የወጣቶቹም ክርክር በዚሁ ይፈታል። ቅሬታ ያቀረበው ወጣት ከማንም ጋር እኩል ልሁን አላለም፤ የጠየቀው ድርሻ ነው።

4. የሙያው ሚዛን ከ1975 እስከ 2024

ከዚህ በታች የተጠቀሱት የእትም ዘመናት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሞንክ» የተባለው ሙያ መጀመሪያ የታየው በ1975 በወጣው «ብላክሙር» በተባለ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በዚያን ጊዜ የኩንግ ፉ ፊልሞች በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍተው ነበርና፣ የሙያው መልክ የተቀዳው በቻይና ከሚገኘው ከሻኦሊን ገዳም ዝና ነው። መሣሪያ ሳይዝ በእጁና በእግሩ የሚዋጋ፣ ጥሩር የማይለብስ፣ ፈጣንና በሥነ ሥርዐት የታነጸ ሰው ነው።

ሙያው በ1978 በዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ለመግባት የተደነገገው መስፈርት ከባድ ነበር፤ በጉልበት 15፣ በጥበብ 15፣ በቅልጥፍና 15፣ በጽናት 11 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። እነዚህ ነጥቦች ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች በተራ ተጥለው በሚገኘው ድምር ቢወሰኑ፣ መስፈርቱን የሚያሟላው ከ2,500 ገጸ ባሕርያት አንድ ያህል ብቻ እንደሚሆን በቀላል ስሌት ይገኛል። ይህን ዕድል ያገኘው ገጸ ባሕርይ ግን ሲጀምር ደካማ ነው። የሕይወት ነጥቡ የሚሰላው በሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይሶች ነው፤ ጥሩር ስለማይለብስና ቅልጥፍናውም ለመከላከያው ስለማይታሰብለት ባላጋራ በቀላሉ ያገኘዋል። ከ7ኛው ደረጃ በላይ ደግሞ የባለማዕርጎቹ ቁጥር የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ ለመውጣት በቦታው ያለውን ሰው በባዶ እጅ ገጥሞ ማሸነፍ ግዴታው ነበር። አዘጋጆቹ ሚዛኑን በዘመን ለማስተካከል አስበዋል፤ ዛሬ የደከመው ነገ ይበረታል በማለት። ነገር ግን ብዙ ገጸ ባሕርያት ነገን ሳያዩ ይሞታሉ።

በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ሙያው ከዋናው መጽሐፍ ወጣ፤ በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ተመለሰ። የሚዛኑ ጥያቄ ይበልጥ ጎልቶ የታየውም በዚህ እትም ነው። በዚያ እትም ምት መድረሱ የሚወሰነው በባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ጭማሪ ተደርጎ ነውና እያንዳንዱ የጭማሪ ነጥብ በአብዛኛው ከመቶ 5 ያህል ዕድል ያስገኛል። በ20ኛው ደረጃ የተዋጊው መሠረታዊ ጭማሪ 20 ሲሆን የዚህ ሙያ ባለቤት 15 ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 25 ያህል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ዋና ዋና ችሎታዎቹ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በአንድ በኩል በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ባንድ ዙር 90 ጫማ እንዲጓዝ የሚያስችል ፍጥነት ተሰጠው። በሌላ በኩል ደጋግሞ የሚመታበት ዋና ስልቱ ሊሠራ የሚችለው ከ5 ጫማ በላይ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው። በመሆኑም ሮጦ የደረሰበትን ባላጋራ ደጋግሞ መምታት አልቻለም፤ ደጋግሞ ለመምታት ሲቆም ደግሞ ፍጥነቱ ዋጋ አጣ። በተጨማሪም ለምቱ ጉልበት፣ ለመከላከያው ቅልጥፍናና ጥበብ፣ ለሕይወቱ ጽናት ስለሚያስፈልገው፣ ሌሎች በአንድ ወይም በሁለት ባሕርይ ሲጠነክሩ እርሱ በአራት ተከፋፈለ። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉት በዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የችግሩ ምንጭ ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በፊልሙ ላይ ያለው ሰው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ደጋግሞ ይመታል፣ ጥበበኛም ነው። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ባሕርይ ከመልኩ እየቀዱ ጨመሩለት፤ ባሕርያቱ አንድ ላይ ሆነው ምን ሥራ እንደሚሠሩ ግን በበቂ አልመዘኑም።

ማሻሻያው የመጣው ከሥራው ከተነሡ በኋላ ነው። በ2010 በአራተኛው እትም ሦስተኛ የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ የሙያው ስልቶች እያንዳንዳቸው ምትና እንቅስቃሴን ባንድነት እንዲይዙ ተደረገ። በ2014 በአምስተኛው እትም መንቀሳቀስና መምታት ለሁሉም በነፃነት የሚጣመሩ ሆኑ። ነገር ግን ተጨማሪ መምታትም፣ መከላከልም፣ መሮጥም «ኪ» በተባለ ከአንድ ቋት በሚቀዳ ነጥብ ስለሚከፈሉ በዝቅተኛ ደረጃዎች ቋቱ ቶሎ ይደርቅ ነበር። በ2024 በተሻሻለው መጽሐፍ ከእነዚህ ስልቶች የአንዳንዶቹ ቀላሉ ዓይነት ያለ ክፍያ ተፈቀደ፤ የባዶ እጅ ምት ጉዳት የሚለካበት ዳይስ በመጀመሪያው ደረጃ ከባለ 4 ገጽ ወደ ባለ 6 ገጽ ከፍ አለ፤ በአንጻሩ ባላጋራን የሚያናውዘው ምት በአንድ ተራ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሞከር ተገደበ። አንዱን ኃይል ቀንሶ ሌላውን ማሳደግ የሚዛን ሥራ ማለት ይኸው ነው።

ለቃላት አጥኚ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው በዚሁ እትም ስያሜዎችም መለወጣቸው ነው። የምሥራቅ እስያ ቃል የሆነው «ኪ» ቀርቶ «ፎከስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተተካ፤ «የእገሌ መንገድ» ይባሉ የነበሩት የሙያው ዘርፎችም «የእገሌ ተዋጊ» በሚል ስም ተጠሩ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ከመልኩ ወደ ሥራው እየተጓዙ ናቸው።

5. «መነኩሴ» በአማርኛ

«መነኩሴ» ከግእዙ «መነኮስ» የተገኘ ሲሆን የመጨረሻ ምንጩ «ብቸኛ» የሚል ፍች ያለው የግሪክ ቃል «ሞናኮስ» ነው። «ብቻ» ከሚለው ከግእዙ «ባሕቲት» የወጣው «ባሕታዊ»ም በፍችው የግሪኩ እኩያ ነው። «መነነ» ከሚለው ግሥ ደግሞ «መናኝ» እና «ምናኔ» ይወጣሉ። በዚህ የቃላት ቤተሰብ ውስጥ ዋናው ሐሳብ መተው ነው። መነኩሴ ቅናት ታጥቆ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ከበቃም አስኬማ ተቀብሎ ከዓለም ይለያል፤ ለዓለም እንደ ሞተ ሰው በመቈጠሩም ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ገና በሕይወት ሳለ ፍትሐት የተደገመለት ሰው ባላጋራ እየደበደበ በደረጃ ከፍ ይላል ቢባል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ከማስገረም አልፎ ትርጉም ያጣል።

ጉዳዩ የሥርዐት ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ያገኛቸውን መነኮሳት በጅምላ ሲረሽን፣ የተረሸኑት መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ነበሩ። በኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ውስጥ «መነኩሴ» የሚለው ቃል የሚጠራው መልክ ይህ ነው። የልደታዋ እናት «መነኩሴ ይማታል እንዴ?» ሲሉ የጠየቁት ይህን ሁሉ የተሸከመውን ቃል ይዘው ነው።

ይህ ሲባል «መነኩሴ» በማናቸውም ጨዋታ ውስጥ አይግባ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሁለተኛ ክፍል የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ «ሞንክ» የሚባል ገጸ ባሕርይ አለው። ይህ ሰው አይመታም፤ ቁስለኛ ይፈውሳል፣ ንዋየ ቅድሳት ይሸከማል፣ የጠላትን ሰው በስብከት ወደ ራሱ ወገን ይመልሳል። በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ገብተዋል፤ ሰዎቻቸውም በአማርኛ ይናገራሉ። ከዚህ ላይ «መነኩሴ» ትክክለኛ ትርጉም ነው። የውጭው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ ጽንሰ ሐሳቡ ሁለት ስለ ሆነ፣ አማርኛው ሁለት ቃል ቢኖረው ትክክል ነው።

6. የሌሎች ቋንቋዎች ልምድ

ይህ ችግር በአማርኛ ብቻ የተነሣ አይደለም። ቻይንኛ ተራውን መነኩሴና የጦር ስልት የሚያውቀውን መነኩሴ በሁለት ቃል ይለያል፤ ለጨዋታው ሙያ የወሰደውም «ዉሰንግ» የሚለውን፣ በቀጥታ ሲፈታ «የጦር መነኩሴ» የሚል ፍች ያለውን ቃል ነው። ጃፓንኛ በበኩሉ ለራሱ አገር መነኮሳት በቂ ቃላት እያሉት የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ «ሞንኩ» ብሎ ተዋሰ፤ በዚህም የጨዋታውን ሰው ከእውነተኛው ለየ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ይህንኑ ቃል ሲጠቀም፣ በ1990 በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ደግሞ ስሙ ተለውጦ «ጥቁር ቀበቶ» ተባለ። ቃሉ የተወሰደበት ቋንቋ ራሱ ቃሉን መልሶ አልተቀበለውም ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ቅጽል ጨምሮ መለየት፣ መዋስ፣ በሥራው መሰየም።

7. እጩ ቃላትና ምዘናቸው

ለሙያዊ ቃል መጀመሪያ ሕያው አማርኛን፣ ቀጥሎ ግእዝንና ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን መፈተሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ውጭ ቃል መሄድ የተለመደ ሥርዐት ነው። በዚሁ መሠረት የሚከተሉት እጩዎች ተመዝነዋል።

«ሞንክ»፦ መዋሱ ቀላል ነው። ነገር ግን ለአማርኛ አንባቢ ምንም አያስረዳም፤ ግሥም ሆነ የነገር ስም አይወጣለትም።

«መናኝ» እና «ባሕታዊ»፦ ከላይ እንደ ተመለከተው የመተውና የብቸኝነት ቃላት ናቸው። የጨዋታው ሰው ከቡድን ጋር የሚጓዝ ነውና አይስማሙትም።

«ካራቲስት»፦ ከወጣቶቹ አንዱ ያቀረበው ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ሁሉም የሚያውቀው ሕያው ቃል መሆኑ ብርታቱ ነው። ይሁን እንጂ አንድን የስፖርት ዓይነት ብቻ ያመለክታል፤ የውስጥ ሥነ ሥርዐት የሚለውን የጽንሰ ሐሳቡን ግማሽ ያስቀራል።

«ገዳማዊ ተዋጊ»፦ የቻይንኛውን መንገድ የሚከተል ነው። ፍችው ግልጽ ነው። ነገር ግን ሁለት ቃል ስለ ሆነ ለዕለት ንግግር ይረዝማል፤ «ተዋጊ» ከተባለው ሌላ ሙያ ጋርም ይምታታል።

«ተጋዳይ»፦ በግእዝ «ተጋደለ» ማለት ታገለ፣ ተፋለመ ማለት ነው። የቅዱሳን ታሪክ «ገድል» የተባለው፣ ቅዱሳኑም «መስተጋድል» እየተባሉ የሚወደሱት ከዚሁ ሥር ነው። ከሥጋ ፈቃድ ጋር የሚደረገው ትግል «ተጋድሎ» ይባላል፤ በጦር ሜዳ የሚደረገውም እንዲሁ «ተጋድሎ» ይባላል። ስለዚህ የውስጥ ሥነ ሥርዐትንና የአካል ፍልሚያን በአንድ ሥር ያገናኘ ቃል ከሩቅ አገር ሳይመጣ ከቤታችን ይገኛል። «ተጋደለ»፣ «ተጋድሎ»፣ «ተጋዳይነት» እየተባለ ይረባል፤ ብዙ ቍጥሩም «ተጋዳዮች» ይሆናል። የማንንም ማዕርገ ክህነት ወይም ምንኩስና አይነካም።

በ«ተጋዳይ» ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። አንደኛው፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከግእዙ ፍች ይልቅ «ገደለ»ን ያስቀድማል የሚል ነው። ነገር ግን «ተጋድሎ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን የታወቀ ስለ ሆነ መልካሙ ፍች ቀድሞ ይታሰባል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ይኸውም ዘመዱ የትግርኛው «ተጋዳላይ» እና የአማርኛው «ታጋይ» በቅርቡ ዘመን የፖለቲካ ትጥቅ ትግል ስሞች መሆናቸው ነው። ቃል ወገን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ከዚህ በፊት አይተናል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ላብ አደር» እና «ወዝ አደር» የሚሉት ሁለት ቃላት ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ቀርበው፣ የቃል ምርጫ የፖለቲካ አቋም መለያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የሆነ ሆኖ «ተጋዳይ» በቅርጹ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የፓርቲ መጠሪያ ሆኖ የቆየውም እርሱ ሳይሆን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይመዝናል።

8. ተዛማጅ ቃላት

ለ«ፎከስ» ሁለት ቃላት ቀርበው ነበር፤ «ተመስጦ» እና «አትኩሮት»። «ተመስጦ» ያማረ ቃል ነው። ነገር ግን የተመሰጠ ሰው በዙሪያው ያለውን ይረሳል፤ በፍልሚያ መካከል የተመሰጠ ተጋዳይ መጀመሪያ የሚወድቀው እርሱ ነው። «አትኩሮት» ግን ዐይንን በአንድ ነገር ላይ ተክሎ መያዝ ነውና ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

ባላጋራን ለጊዜው ከአቅሙ ውጪ ለሚያደርገው ምትም «አፍዛዥ» እና «አደንዛዥ» የሚሉ ቃላት ተመዝነዋል። የመጀመሪያው «አፍዝ አደንግዝ»ን፣ ማለት የአስማትን ሥራ ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ተጣብቋል። ወጣቶቹ በረቂቃቸው ውስጥ ሳያስቡት «አናወዘው» ብለው ነበርና ትክክለኛው ቃል ቀድሞውኑ በአፋቸው ላይ ነበረ። ስለዚህ «አናዋዥ ምት» ተመርጧል። ቃል አውጪ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ተናጋሪውን ማዳመጥ እንዳለበት ይህ ያስተምራል።

9. ማጠቃለያና የቀረቡ ቃላት

በጨዋታው ታሪክ እንደ ታየው፣ ይህ ሙያ ሚዛኑን ያጣው ከአንድ መልክ የተቀዱ ባሕርያት ሥራቸው ሳይመዘን ስለ ተከመሩ ነው፤ ወደ ሚዛኑ የቀረበውም ሥራው ሲመረመር ነው። ትርጉምም በዚሁ ሕግ ይመራል። ከዚህ በታች ያሉት ቃላት ለውይይት ቀርበዋል።

አጫዋች፦ ታሪኩን የሚተርክና በደንቡ መሠረት የሚዳኝ ሰው።
ሙያ፦ የአንድ ገጸ ባሕርይ የችሎታና የሥራ ዓይነት፤ ንዑሱ «የሙያ ዘርፍ»።
ደረጃ፦ ገጸ ባሕርዩ በልምድ የሚደርስበት የእድገት እርከን።
ሚዛን፦ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሙያዎች የድርሻ ተመጣጣኝነት።
የሕይወት ነጥብ፦ ገጸ ባሕርዩ ከመውደቁ በፊት ሊሸከም የሚችለው የጉዳት መጠን።
ተጋዳይ፦ ጥሩር ሳይለብስ፣ በአብዛኛው በባዶ እጅ፣ በፍጥነትና በውስጥ ሥነ ሥርዐት የሚፋለም ባለሙያ።
የአትኩሮት ነጥብ፦ ተጋዳይ ለልዩ ስልቶቹ የሚከፍለው ነጥብ።
አናዋዥ ምት፦ ባላጋራን ለጊዜው የሚያፈዝና የሚያንገዳግድ የተጋዳይ ምት።
መነኩሴ፦ በጨዋታም ቢሆን፣ ለማይዋጋው ሃይማኖታዊ ገጸ ባሕርይ ብቻ።

ረቂቁ በእነዚህ ቃላት ታርሞ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ቤት በተነበበ ጊዜ፣ «ተጋዳዩ ሁለት ጊዜ በቡጢ መታው» ሲባል እመቤቲቱ ቀና አላሉም፤ ቡናቸውን መቅዳት ቀጠሉ። አዲስ ቃል በአድማጭ ዘንድ ያለ ጥያቄ ሲያልፍ ከፈተናዎቹ አንዱን አልፏል ማለት ነው። የቀሩትን ፈተናዎች የሚያቀርቡት የዚህ መጽሔት አንባብያን ስለ ሆኑ፣ ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው ሁሉ ከነምክንያቱ ቢያቀርብ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በደስታ ይቀበላል።